ራስን መግዛት እስከ አልጋው ጫፍ ነው

«ዓመል ያወጣል ከመሐል» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ዶርም ውስጥ ግን የሰው ዓመል በደንብ የሚታወቀው ቀን ሳይሆን ሌሊት ነው። ስድስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል መብራት ከጠፋ በኋላ ሁለት ሰዎች ነቅተው ይቀራሉ። አንዷ እኔ ነኝ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣ የስልኬን ብርሃን ቀንሼ፣ ከቴሌግራም ወደ ቲክቶክ፣ ከቲክቶክ ወደ ቴሌግራም ስመላለስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ሁለተኛዋ ከእኔ በታች ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው ጓደኛዬ ናት። እሷ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን የነገ ደብተሯን አዘጋጅታ፣ ልብሷን አጣጥፋ አልጋዋ ውስጥ ትገባለች። ግን ምን ዋጋ አለው! እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። በተገላበጠች ቁጥር የአልጋው ብረት ሲጮኽ እሰማለሁ። የክፍላችን ልጆች እኔን «የሌሊት ወፍ»፣ እሷን «ዘበኛዋ» ብለው ስም አውጥተውልናል።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክፍል ስንገባ ሁለታችንም ዓይናችን ቀልቶ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተደግፈን እናንቀላፋለን። የሚያየን መምህር «እነዚህ ሁለት እንቅልፋሞች» ቢለን አይፈረድበትም። ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ነንና። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ግን አንድ ዓይነት አለመሆናችንን ነው። እኔን የሚያድነኝ መድኃኒት እሷን ሊጎዳት ይችላል። ይህን የማውቀው ደግሞ ስለጎዳኋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን «ሰው የሚጠቀምበት የጤና ጽሑፍ ይዛችሁ ኑ» ብለው አሳይንመንት ሰጡን። እኔም «የራሷ ሲያርባት…» እንዳትሉኝ እንጂ እንቅልፍን መረጥኩ። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ «ጥሩ እንቅልፍ ለመተኛት የሚረዱ ሰባት መንገዶች» የሚል ጽሑፍ ሠራሁ፤ ጥሩ ማርክም አገኘሁበት። ከዚያ ምክሬን ይዤ ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቆራጥነት ነው የጎደለሽ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ተኚ። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እስኪነጋ ከአልጋሽ እንዳትነሺ፣ ታገዪው» አልኳት። እሷ ደግሞ የተባለችውን የምታደርግ ልጅ ናት፤ አንድም ቀን ሳታጓድል ፈጸመችው።

በሦስተኛው ሳምንት ሚድ ፈተና ላይ ወረቀቱን ሳትጨርስ እንቅልፍ ጣላት። ማታ ሃንድአውት ልዋሳት ስከፍተው በመሐሉ ከሬጅስትራር ያመጣችው የዊዝድሮዋል ቅጽ ተቀምጦ አገኘሁ፤ ስሟን ሞልታበታለች። «ምንድን ነው ይሄ?» ብላት፣ «ከአልጋው ጋር ተጣልቻለሁ። ገና ሲመሽ አልጋዬን ሳየው ልቤ ይመታል። እንቅልፍ እንኳ መተኛት ያቃታት ሰው ምን ትማራለች?» አለችኝ። ያን ዕለት ሌሊት እኔም በስልክ ሳይሆን በሐሳብ አደርኩ። ከዚያ በኋላ ነው አስቀድሜ ማንበብ የነበረብኝን ማንበብ የጀመርኩት።

ችግሩ ምን ያህል ሰፊ ነው?

ስለ እንቅልፍ የሚያጠኑ ሰዎች በብዛት የሚገለገሉበት አንድ መጠይቅ አለ። የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ ይባላል። ዳንኤል ባይሲና ባልደረቦቹ በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሲሆን፣ ሰውየው ራሱ የሚመልሳቸው 19 ጥያቄዎች አሉት። ባለፈው አንድ ወር ስንት ሰዓት ተኛህ፣ እንቅልፍ እስኪወስድህ ምን ያህል ቆየህ፣ ሌሊት ስንቴ ነቃህ፣ ቀን ላይ አንቀላፋህ ወይ፣ እያለ ይጠይቃል። ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ይደርሳል፤ ከ5 በላይ ያመጣ ሰው እንቅልፉ ጥሩ አይደለም ይባላል። (ማርክ ሲበዛ የሚያስደስት እንዳይመስላችሁ፤ እዚህ ላይ ተቃራኒ ነው።) መጠይቁ በእኛም አገር ሚዛን አማን ከተማ ውስጥ በሚኖሩ አዋቂዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

በዚሁ መለኪያ እነ ሰብለወንጌል ለማ የጎንደርና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጥንተው በ2012 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከ2,551 ተማሪዎች መካከል 55.8 በመቶ የሚሆኑት እንቅልፋቸው ጥሩ ያልሆነ ሆኖ ተገኝቷል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው! ከፍሬሽ ተማሪዎች ይልቅ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ ችግሩ ብሶ ታይቷል። ከሁሉም በላይ ግን ከመጥፎ እንቅልፍ ጋር ጠንካራ ተያያዥነት ያሳዩት ውጥረት፣ ጭንቀትና ድብርት ናቸው።

እኔ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ «እሰይ፣ ብቻዬን አይደለሁም!» የሚል ነበር። ቀጥሎ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። አንድ ዶርም፣ አንድ ካፌ፣ አንድ የፈተና ፕሮግራም እየተካፈልን ለምንድን ነው አራቱ ጓደኞቻችን ገና ትራስ ሲነኩ የሚያንኮራፉት፣ ሁለታችን ግን የምንቀረው?

ስብእናና እንቅልፍ

የሥነ ልቦና ሊቃውንት የሰውን ስብእና ሲለኩ ብዙ ጊዜ አምስት ዋና ዋና ዝንባሌዎችን ይመለከታሉ። እነሱም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥርዓት አክባሪነት (ሥራን በጊዜውና በጥንቃቄ መሥራት)፣ ተጫዋችነትና ተግባቢነት፣ ለሌላው ማሰብ፣ አምስተኛው ደግሞ ቶሎ የመጨነቅና የመረበሽ ዝንባሌ ናቸው። ልብ በሉ፣ እነዚህ እንደ ደም ዓይነት «አለህ ወይም የለህም» የሚባሉ አይደሉም። ሁላችንም ውስጥ አምስቱም አሉ፤ የሚለያየው መጠናቸው ነው።

ከአምስቱ ውስጥ ከእንቅልፍ ጋር ተደጋግመው የሚነሱት ሁለቱ ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ436 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ መጥፎ እንቅልፍን በተሻለ ሁኔታ የሚጠቁሙት የሥርዓት አክባሪነት ማነስና የጭንቀት ዝንባሌ መብዛት መሆናቸውን አሳይቷል።

ይህን ሳነብ ዶርማችን ነው የታየኝ። እኔ ማለት የመጀመሪያዋ ነኝ። ብዙም አልጨነቅም፤ አሳይንመንት የማስረክበው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው፤ ላይብረሪ የተዋስኩት መጽሐፍ ቀኑ አልፎበት ቦርሳዬ ውስጥ ይከርማል። ጓደኛዬ ሁለተኛዋ ናት። ሥርዓቷ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን እናቷ ስልክ ካላነሱ ክፉ ነገር የደረሰ ይመስላታል። መምህር ኮስተር ካሉ ከእሷ ጋር የተጣሉ ይመስላታል። እንግዲህ እኔ እሷን «ሥርዓት የለሽም» ብዬ ስመክር የራሴን በሽታ መድኃኒት እያዘዝኩላት ነበር ማለት ነው።

ወደ አልጋ የማይሄዱት

እስቲ ከራሴ ልጀምር። ሆላንድ አገር የሚገኘው የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፍሎር ክሩሰ፣ ዴኒዝ ደ ሪደርና ጓደኞቻቸው በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ስም አወጡለት። በእኛ ቋንቋ «መኝታን ዛሬ ነገ ማለት» ልንለው እንችላለን። ትርጉሙም፣ የሚከለክለው ነገር ሳይኖር አንድ ሰው ልተኛበት ባለው ሰዓት ሳይተኛ መቅረቱ ነው። በ177 ሰዎች ላይ ባደረጉት በዚህ ጥናት፣ ራሳቸውን የመግዛት ችሎታቸው ዝቅ ያለ ሰዎች መኝታቸውን አብዝተው እንደሚያዘገዩና በዚህም ምክንያት በቂ እንቅልፍ እንደማያገኙ ታይቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ2,431 የሆላንድ አዋቂዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ነገር አገኙ።

እዚህ ላይ «የሚከለክለው ነገር ሳይኖር» የምትለዋን ሐረግ አስምሩባት። ውኃ የሚመጣው በሌሊት ብቻ የሆነበት ሰፈር ጄሪካን ደርድራ የምትጠብቅ እናት መኝታዋን ዛሬ ነገ አላለችም። የሌሊት ተረኛ ነርስም፣ ዘበኛም፣ ሕፃን የሚያለቅስባት አራስም እንደዚያው። እነሱ የጎደላቸው ራስን መግዛት ሳይሆን ፋታ ነው። እኔ ግን ማንም አልያዘኝም። እንቅልፌ መጥቶ፣ ዓይኔ እየተከደነ «አንዲት ቪዲዮ ብቻ» እላለሁ። አንዷ አሥር፣ አሥሩ ሠላሳ ይሆናል።

ለምን? የተለመደው መልስ «ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትገዛ ውላ ማታ ጉልበቷ ያልቅባታል» የሚል ነው። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ራስን መግዛት እንደ ጡንቻ የሚደክም ነው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ ለብዙ ዓመታት በየመጽሐፉ ሲጠቀስ ኖረ። ነገር ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ከ20 በላይ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው አንድ ዓይነት ሙከራ ሲደግሙ የተባለው ውጤት ይህ ነው በሚባል መጠን ሊገኝ አልቻለም። ስለዚህ «ጉልበት አለቀ» የሚለውን እንደ ተረጋገጠ እውነት አድርገን መጻፍ የለብንም።

ሌላም ነገር አለ። ሰው በተፈጥሮው የማለዳ ወይም የምሽት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ሰዓት ከሌላው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይሄዳል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች በየቀኑ የሞሉትን ማስታወሻ ተከታትሎ የታተመ ጥናት፣ በሥራ ቀናት መኝታቸውን አብዝተው የሚያዘገዩት የምሽት ሰዎች መሆናቸውን አሳይቷል። የምሽት ሰው ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ዓለም ውስጥ ሲኖር «ሰነፍ» ይባላል። ስንፍና ያልነው ሁሉ ስንፍና አይደለም። (ይህን የምለው ለራሴ ጥብቅና ለመቆም እንዳይመስላችሁ፤ ቲክቶኩን የከፈተው ሰውነቴ ውስጥ ያለው ሰዓት አይደለም።)

አልጋ ላይ ወጥተው የማይተኙት

አሁን ወደ ጓደኛዬ እንምጣ። እሷ የመኝታ ሰዓቷን አታሳልፍም። ችግሩ የሚጀምረው ትራሷን ከነካች በኋላ ነው።

አርተር ስፒልማን በ1987 እ.ኤ.አ. እንቅልፍ ማጣትን በሦስት ደረጃ ያስረዱበት መንገድ ለእኔ በጣም ግልጽ ሆኖልኛል። የመጀመሪያው ሰውየውን አስቀድሞ የሚያጋልጠው ነገር ነው፤ ለምሳሌ ቶሎ የመጨነቅ ዝንባሌ። ሁለተኛው የሚቀሰቅሰው ነገር ነው፤ ፈተና፣ ሐዘን፣ ሕመም፣ የቤተሰብ ችግር። ሦስተኛው ደግሞ ቀስቃሹ ካለፈም በኋላ ችግሩን የሚያቆየው ነገር ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ችግሩን የሚያቆዩት ብዙ ጊዜ ሰውየው እንቅልፉን ለማካካስ ብሎ የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው። በጊዜ መተኛት፣ ጠዋት አርፍዶ መነሳት፣ ቀን መተኛት፣ እንቅልፍ ሳይኖር አልጋ ላይ መቆየት።

አሊሰን ሃርቬይ የተባሉት ተመራማሪ ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. የሐሳቡን ጎን አስረድተዋል። እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ስለ እንቅልፉ ራሱ መጨነቅ ይጀምራል። ሰዓቱን ያያል፤ «አሁን ብተኛ እንኳ አራት ሰዓት ነው የቀረኝ» እያለ ያሰላል፤ ልቡን ያዳምጣል። ይህ ሁሉ ሰውነቱን የበለጠ ያነቃዋል።

ልዩነቱ ይኸው ነው። ስልክ መዝጋት፣ መብራት ማጥፋት፣ አልጋ ላይ መውጣት በፈቃድ የሚሠሩ ናቸው፤ ራሱን የሚገዛ ሰው ይሠራቸዋል። መተኛት ግን በፈቃድ አይሠራም። እንቅልፍ ሲይዙት ይሸሻል፣ ሲተዉት ይመጣል። «ታገዪው» ያልኳት ጊዜ ሊታገሉት የማይችሉትን ነገር እንድትታገል ነው የላክኋት። ቆራጥ ባትሆን ኖሮ ምክሬን በሁለተኛው ቀን ትታው ትድን ነበር። የጎዳት ቆራጥነቷ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት አልጋ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ የምትተኛው አራት ሰዓት ቢሆን ነው። የቀሩትን አምስት ሰዓታት አልጋዋ የጭንቀት ቦታ መሆኑን ስትማር አደረች።

አዙሪቱ

«ዓመልሽ ነው» ብሎ መተው የማያዋጣበት ሌላም ምክንያት አለ። ስብእና እንቅልፍን እንደሚነካ ሁሉ የእንቅልፍ ማጣትም ስብእና የምንለውን ነገር ይነካል። በ2007 እ.ኤ.አ. ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ ወጣቶች የሚረብሹ ሥዕሎችን ሲያዩ፣ አንጎል ውስጥ ስሜትን በተለይም ፍርሃትን የሚያስተናግደው ክፍል በደንብ ከተኙት ይልቅ 60 በመቶ ያህል በበለጠ ተቀስቅሶ ታይቷል። ይህን ክፍል «ረጋ በል» ከሚለው የአንጎል የፊት ክፍል ጋር ያለው ግንኙነትም ላልቶ ተገኝቷል።

ስለዚህ ያልተኛ ሰው በማግሥቱ ይበልጥ ይጨነቃል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ጭንቀቱ ደግሞ ማታ ተመልሶ እንቅልፉን ይነሳዋል። «እሷኮ ዱሮም ነገር የምታካብድ ናት» የምንላት ልጅ፣ ምናልባት አንድ ሳምንት በደንብ ብትተኛ ሌላ ሰው ትመስለን ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለእኔ ዓይነቱ የሚሠራው ውሳኔውን ከሌሊት ወደ ቀን ማምጣት ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ «በጊዜ እተኛለሁ» ከሚል ጥቅል ምኞት ይልቅ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ቁርጥ ያለ ዕቅድ የተሻለ ይፈጸማል። የእኔ ዕቅድ «5 ሰዓት ሲል ስልኬን በሩ አጠገብ ባለው ሶኬት ላይ እሰካለሁ» የሚል ነው። አልጋዬ ከላይ ስለሆነ ስልኬን ፍለጋ መውረድ ያስጠላኛል፤ ስንፍናዬን ለበጎ ሥራ አዋልኩት ማለት ነው። ከሳምንቱ ሁለት ቀን ያህል አሁንም እሸነፋለሁ።

ለጓደኛዬ ዓይነቱ መንገዱ ሌላ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ላለባቸው አዋቂዎች ከመድኃኒት በፊት በቅድሚያ እንዲሰጥ የመከረው ሐሳብንና ልማድን የሚያስተካክል የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። የዚህ ሕክምና አንዱ ክፍል የሪቻርድ ቡትዚን ሲሆን ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ትእዛዞቹ እኔ ከሰጠኋት ምክር ጋር ፊትና ጀርባ ናቸው። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ተኛ። አልጋህን ለጥናት፣ ለስልክና ለሐሳብ አታውለው። እንቅልፍ ካልወሰደህ ተነሥና ከአልጋህ ራቅ፣ ሲመጣ ተመለስ። የፈለገውን ያህል ብትተኛም ጠዋት የምትነሣበትን ሰዓት አትለውጥ። ቀን አትተኛ።

እኔም ይቅርታ ጠይቄያት ይህን ነገርኳት። አላመነችኝም፤ አይፈረድባትም። ግቢያችን ክሊኒክ ወዳለችው አማካሪ አብረን ሄድን። አማካሪዋም ይህንኑ መንገድ በሥርዓት አስረዳቻት፤ ስለ ጭንቀቷም ለብቻዋ ማነጋገር ጀመረች። ጓደኛዬ እንቅልፍ እምቢ ሲላት ኮሪደር ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ሳምንት ከበፊቱ የባሰ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን የአልጋው ብረት ጩኸት እየቀነሰ መጣ። ዛሬም ፈተና ሲደርስ ይመለስባታል። ቅጹን ግን አላስረከበችም።

አንድ ሌላ ነገርም ጠቅሟታል። በ2018 እ.ኤ.አ. በቤይለር ዩኒቨርሲቲ እነ ማይክል ስከሊን 57 ወጣቶችን ቤተ ሙከራ ውስጥ አስተኝተው አጥንተዋል። ከመኝታ በፊት አምስት ደቂቃ ወስደው ገና የሚሠሩትን ነገር የጻፉት፣ የሠሩትን ከጻፉት ይልቅ በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኝተዋል። ጓደኛዬ ይህን ስነግራት «እንግዲያው ጭንቀቴን ለደብተር አደራ ልስጠው» ብላ ጀመረች።

ለሁለታችንም የሚሆን የጋራ ምክርም አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የማታ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ጨዋታው ደስ ይላል፤ ሌሊት ግን ይጠይቃል። ለጥናት ተብሎ የሚቃመው ጫትም አነቃቂ መሆኑን መርሳት የለብንም፤ የነጠቀንን እንቅልፍ ትተነው እናልፋለን ማለት ዘበት ነው።

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ እየሆነ ሦስት ወር ከዘለቀ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ያኔ የጓደኛ ምክር አይበቃምና ባለሙያ ጋ መሄድ ነው። እያንኮራፉ በመሐል ትንፋሽ ቁርጥ የሚልባቸው ሰዎችም ጉዳያቸው የዓመል ሳይሆን የሐኪም ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኞች

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ነገ ሁላችንም የጤና ዓምድ ወይም የሬዲዮ ፕሮግራም ሊሰጠን ስለሚችል ነው። ከራሴ ስሕተት ሦስት ነገር ተምሬአለሁ።

አንደኛ፣ «ተያያዥነት አለው» እና «መንስኤው ነው» የተለያዩ ናቸው። ከላይ የጠቀስኳቸው አብዛኞቹ የስብእና ጥናቶች ተያያዥነትን እንጂ መንስኤን አያረጋግጡም። ሁለተኛ፣ መረጃው ከየት እንደመጣ እንይ። ሰው ስለ ራሱ እንቅልፍ ራሱ ሲመልስ፣ የሚጨነቅ ሰው እንቅልፉንም ከሆነው አብሶ ሊያየው ይችላል። ሦስተኛውና ዋናው፣ «ይህ ምክር ለማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ያ «ሰባት መንገዶች» የሚለው ጽሑፌ እያንዳንዱ መስመር አንድ ቦታ ላይ እውነት ነበር። ስሕተቱ ለሁሉም ሰው አንድ ላይ መናገሩ ነው። በሬዲዮ ብናገረው ኖሮ እንደ ጓደኛዬ ያሉ ስንት ታዛዦች ዓይናቸውን ጨፍነው ይታገሉ ነበር? እነሱን ደግሞ ቅጹን ሲሞሉ የሚያይላቸው ሰው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ እናንተም ነገ አንድ ጓደኛችሁ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ቢላችሁ፣ «በጊዜ ተኛ» ከማለታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁት፦ «ወደ አልጋህ መሄድ ነው የሚያቅትህ ወይስ አልጋህ ላይ ሆነህ መተኛት?» መልሱ የመጀመሪያው ከሆነ ስልኩን ቀሙት። ሁለተኛው ከሆነ ግን ትግሉን እንዲተው ንገሩት፤ ራስን መግዛት እስከ አልጋው ጫፍ ድረስ ነውና። ከዚያ ወዲያ ያለው የመልቀቅ እንጂ የመግዛት ሥራ አይደለም።

5 ሰዓት ሊል ነው፤ ስልኬን ልሰካ። ቸር እደሩ!